ሰማያዊ ሰም

እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ላቫጆው ግቢ ውስጥ ማንም በዚያ ስም አይጠራውም፣ ቢጠሩትም ዞር ብሎ አያይም ይሆናል። ሁሉም «ስንጥር» ነው የሚሉት። ነገሩ የመጣው ከገዛ አፉ ነው። አዲስ ነገር ባየ ቁጥር፣ አዲስ ሳሙናም ይሁን አዲስ ሠራተኛ፣ አንገቱን ጋደል አድርጎ «ጠርጥር፣ ከገንፎ መሃል ይገኛል ስንጥር» ይላል። ዕድሜ ልኩን ይህን ሲል የኖረ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ስድሳውን ስላለፈ ፊት ለፊት «ጋሼ» ነው፤ ስንጥርነቱ ከጀርባው ነው። እሱም አልጠፋውም። ከጀርባው የሚባል ነገር እንዳለ ሳይባልም በፊት ይጠረጥር ነበር።

ሥራው መኪና በሰም መቀባት ነው። ማጠቡ የሌሎች ድርሻ ነው፤ ውሃ የሚረጩት፣ አረፋ የሚደፉት፣ ጎማ የሚፈትጉት ወጣቶች ናቸው። የስንጥር ተራ የሚደርሰው መኪናው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ሲገባ ነው። ፈሳሹን ሰም ስፖንጁ ላይ ጠብ ያደርጋል፤ ከዚያ ከኮፈኑ ጀምሮ ከጎማው በላይ ወዳለው ፓራፋንጎ፣ ከፓራፋንጎው ወደ በሮቹ፣ ትንንሽ ክብ እየሠራ ይሄዳል። ሰሙ ደርቆ እንደ ተነፈሱበት መስታወት ሲደበዝዝ በለስላሳ ጨርቅ ያነሳዋል። ጨርቁ ሲያልፍ መኪናው ውስጥ ሰማይ ይታያል፣ ዛፍ ይታያል፣ የስንጥር አፍንጫም ይታያል።

የዚህ ሥራ ምሥጢሩ ማሳሳት ነው። ሰም ከወፈረ በወጉ አይደርቅም፤ ቢደርቅም ጨርቁ ጠርጎ አይጨርሰውም፤ በማግስቱ ፀሐይ ሲያገኘው ተዥጎርጉሮ ያሳጣል። «ሰም እንደ ሐሜት ነው» ይላል ስንጥር፣ «ትንሽ ከሆነ ያሳምራል፣ ከበዛ ያስታውቃል።» የቀረ ሰም ለመኖሩም ላለመኖሩም ማረጋገጫው እጁ ነው። ቀጭን ፌስታል እንደ ጓንት ያጠልቅና ቀለሙን ይዳብሳል። በፌስታል ሲዳሰስ የአሸዋ ቅንጣት እንኳ ጠጠር ያህል ይሰማል። የቀረች ሰም ካለች ጣቱ ታገኛታለች። ዓይኑን እምብዛም አያምነውም። «ዓይን ይሸነገላል፤ እጅ አይሸነገልም» የሚለው ሁለተኛው ተረቱ ነው።

እንዲህ ያደረገው አንድ ሰዓት ነው ይባላል። በወጣትነቱ ከመንገድ ላይ የሚያምር የእጅ ሰዓት ገዛ፤ ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ውስጡ ባዶ ነበር፣ አንዲት የወረቀት ቁራጭ ብቻ ተጠቅጥቃበታለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስንጥር ዳቦ ሲገዛ ያነሳና በእጁ ይመዝናል፣ ወንበር ሲሰጡት ነቅነቅ አድርጎ ይቀመጣል። ሚስቱን ሊያገባ ሲል እንኳ ጎረቤቶቿ ዘንድ ዞሮ «በእንቅልፏ ትሄዳለች ወይ?» ብሎ ጠይቋል። ሴትየዋ ይህንን የሰማችው ከሠርጉ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ስትናደድበት «ተጠንቀቅ፣ ዛሬ በእንቅልፌ እሄዳለሁ» ትለዋለች።

ሚስቱ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ክፍል ሠራተኛ ናት። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ሻይ ታፈላለች። አንድ ጠዋት ስንጥር ብርጭቆውን በመዳፉ ሙሉ ጨብጦ ይዞ «ሻዩ ቀዝቅዟል» አላት።

«አሁን ከእሳት የወረደውን?»

«ቀዝቅዟል እኮ ነው የምልሽ።»

ተቀበለችውና ወዲያው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ወይኔ ጣቴን! አንተ ሰውዬ፣ እጅህ የቆርቆሮ ነው እንዴ?»

ስንጥር ጣቷን ስትነፋ በጥርጣሬ አያት። በዚህ ዕድሜዋ ትወና ጀመረች፣ ብሎ አሰበ። ከሰዓት በኋላ መዳፉ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ሲያይ ደግሞ የሰሙ ኬሚካል ነው ብሎ ደመደመ። ያን ሰሞን ባለሱቁንም ተጣልቶታል፤ «ፌስታሉን ለምን አወፈራችሁት? ምንም አያስዳስስም» ብሎ። ባለሱቁ ዕድሜ ልኩን እንዲህ ያለ አቤቱታ ሰምቶ አያውቅም፤ ጭንቅላቱን አክኮ ሌላ እሽግ ሰጠው። እሱም ወፍራም ሆነ።

ላቫጆውን አሁን የምታስተዳድረው ከአባቷ የወረሰችው ሴት ናት። ስንጥር የሚያውቃት የትምህርት ቤት ቦርሳ አንግታ በአረፋው መሃል ስትሯሯጥ ጀምሮ ነው፤ ዛሬም «አንቺ ልጅ» ይላታል፣ እሷም አትቀየመውም። ዝናቡ እንዳበቃ ሰሞን ይህች ሴት አንድ ካርቶን አስይዛ መጣች። ሲከፈት የመወልወያ ማሽን ሆነ፤ ጫፉ ላይ የድስት ክዳን የሚያክል ነጭ ስፖንጅ አለው፣ ሲሰኩት እንደ ተቆጣ ንብ ይጮኻል። ከማሽኑ ጋር አንድ ቀጭን ወጣት ሰው አብሮ መጣ።

«ጋሼ፣ እሱ በማሽን ጭረቱን ያጠፋል፣ አንተ ከኋላ በእጅህ ሰሙን ትቀባለህ» አለች ባለቤቷ። «አንተን ለማገዝ ነው።»

«ለማገዝ» አለ ስንጥር።  በሆዱ ግን «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እያለ ነበር። ዛሬ ጭረት፣ ነገ ሰም። ከነገ ወዲያ አንድ ሽማግሌ ጨርቁን አጣጥፎ ቤቱ ይቀመጣል። ማሽን ጡረታ አይጠይቅም፣ ወገቤን አይልም፣ በተረት አያደነቁርም።

ባለማሽኑ ደግሞ ሲበዛ ዝምተኛ ነው። ጠዋት «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ»፣ ማታ «ደኅና ይደሩ»፤ መሃሉ ላይ ማሽኑ ነው የሚያወራው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር መሆኗን አንድ ቀን ሻይ ሲጠጡ ተናግሮ ነበር፤ ስንጥር እሱንም ሆዴን ሊያባባ ነው ብሎ ተረጎመው። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አለ ለአንዱ አጣቢ፣ «ግን ምን እንዳለበትም አይታይም።»

ያ ሁሉ ጥርጣሬ መቆሚያ ያገኘው ሰሙ ማለቅ ሲጀምር ነው። ድሮ አንዱ ጠርሙስ ወር ያዘልቅ ነበር፤ አሁን ሳይታሰብ ከታች ይደርሳል። ስንጥር መጀመሪያ አቅራቢውን ጠረጠረ፣ ጠርሙሱን አጉድሎ ይሞላል ብሎ። ቀጥሎ ክዳኑን ጠረጠረ። በመጨረሻ ማታ ሲወጣ የሰሙን ልክ በጥፍሩ በጠርሙሱ ወረቀት ላይ ጭሮ ሄደ። ጠዋት መጥቶ ሲያይ ሰሙ ከምልክቱ አንዲት ነጥብ አልወረደም።

ሌላ ሰው ቢሆን «እንግዲያው የሚሰርቅ የለም» ይላል። ስንጥር ግን ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ይዞ ብዙ አሰበና አንድ ነገር በራለት፤ ሌባው ሰሙን ቀድቶ በልኩ ውሃ ሞልቶበታል! ለካ ለዚህ ነው ሰሙ ሲቀቡት እጅ ላይ የማይሰማው። ለካ ለዚህ ነው ስፖንጁ ላይ ደግሞ ደጋግሞ ጠብ ማድረግ የሚያስፈልገው። ሁሉም ነገር ገጠመለት። የሚጠረጥር ሰው እንደዚህ ያለ ደስታ አለው፤ ነገሩ በከፋ ቁጥር ልቡ ይረጋል።

ከዚያ በኋላ ባለማሽኑ ማታ ማታ ከሁሉም ኋላ እንደሚቀር አስተዋለ። «ማሽኑን ላጽዳ ብዬ ነው» ይላል ሲጠየቅ። አንድ አመሻሽ ስንጥር ጃንጥላውን ረስቶ ከመንገድ ተመለሰ። ከጥላው ሥር ንቡ ይጮኻል። ባለማሽኑ ጎንበስ ብሎ፣ ስንጥር ገና አሁን ጨርሶ የሄደውን መኪና፣ በሰም የተወለወለውን መኪና፣ በማሽን ይዞረዋል። ሰም የተቀባን መኪና እንደገና ማሽን ሊነካው አይገባም፤ ይህን አጣቢዎቹም ያውቃሉ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

ባለማሽኑ ደንግጦ ማሽኑን አጠፋ። «ምንም ጋሼ… ማሽኑን እየሞከርኩ ነው።»

«በኔ ሥራ ላይ?»

 ስንጥር ጃንጥላውን ይዞ ወጣ፤ መንገዱን ሁሉ ደሙ ፈልቶ ነበር። እንግዲህ ነገሩ ከስርቆት አልፏል። በሰረቀው ሰም የሱን ሥራ አጥፍቶ የራሱን ይሠራል፣ ከዚያ ባለቤቷን «ይኸው፣ ማሽኑ ብቻውን ይበቃል» ይላታል ማለት ነው። ያን ማታ ለሚስቱ ሲነግራት ልብስ እያጣጠፈች «ወይም ማሽኑን እየሞከረ ይሆናል» አለች። ስንጥር እሷንም በጎን አያት።

ባለቤቷም የሰሙን ማለቅ ሳታየው አልቀረችም። በማግስቱ ጠርታ ጠየቀችው። «ጋሼ፣ ይሄ ሰም የት ነው የሚሄደው?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ከኔ ኋላ የሚቀረውን ጠይቂ።»

«ሰው በግምት ሌባ አልልም።» ፊቷ እንደ አባቷ ሲጠነክር ያስፈራል። «በዓይኔ የማየውን ነገር አምጣልኝ፤ ያኑ ቀን ከዚህ ግቢ ይወጣል። ካላመጣህ ግን ሰሙ በእጅህ ነው ያለው፣ የምጠይቀው አንተን ነው። አባቴም ቢኖር ከዚህ ሌላ አይልህም።»

እንግዲህ ከሁለት አንዳቸው መውጣታቸው ነው። ስንጥር ከዚያ ክፍል የወጣው ማን መውጣት እንዳለበት ወስኖ ነው።

ወጥመዱን ያገኘው ከሚስቱ ዕቃ መሃል ነው። ነጭ አንሶላ ሲታጠብ እንዲነጣ ውሃው ውስጥ የሚጨመር ሰማያዊ ዱቄት አለ፤ ሚስቱ ለቤትም ታመጣለች። ስንጥር ቆንጥሮ በወረቀት ጠቀለለና ላቫጆው ወሰደው። መጀመሪያ ጥቂት ሰም ላይ በጥብጦ በአሮጌ ነጭ ጣሳ ክዳን ሞከረው። በስሱ ሲቀባው ምንም አይታይም። ወፈር አድርጎ ሲተወው ብቻ ሰማያዊው ብቅ ይላል። ይሄ ነው የሚፈለገው፤ የስንጥር ቅብ ስስ ነው፣ መኪናው ላይ አይታይም፤ የባለማሽኑ ነጭ ስፖንጅ ግን ሰሙን እየጠጣ ስለሚያጠራቅም እንደ ሰማይ ይሆናል። ማሽኑ ሰም እንዲነካ ስላልተፈቀደ ደግሞ ማመካኛ የለውም። የስንጥር የራሱ ስፖንጅና ጨርቅ ከዕድሜ ብዛት የጠቆሩ ስለሆኑ ምንም አያሳብቁም።

ዱቄቱን ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሮ ወዘወዘና ቦታው መለሰ። «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» የሚል የቆየ ምክር አለ። ስንጥር ያውቀዋል፣ ለሌሎች ብዙ ጊዜ ተናግሮታል። የዚያን ቀን ግን ትዝ አላለውም።

ጠዋት አንድ ግራጫ መኪና ቀባ፤ ባለቤቱ በማግስቱ የሚወስደው ነው። አመሻሽ ላይ ደግሞ የአንዲት አዋላጅ ነጭ መኪና ተራዋ ደረሰ። አዋላጇ የስንጥር የቆየች ደንበኛ ናት፤ ብዙውን ጊዜ መኪናዋን አሳድራ ጠዋት ነው የምትወስደው። የዚያን ቀን ግን ስልክ ተደውሎላት እየተጣደፈች መጣች።

«ጋሼ፣ አለቀች? ምጥ የያዛት ሴት አለችብኝ።»

ከጥላው ሥር ያለው አምፖል ቢጫ ነው። በዚያ ብርሃን መኪናዋ ጥሩ ትመስላለች። ስንጥር ፌስታሉን አጥልቆ ኮፈኑን ዳበሰ፣ አንድም ነገር አልተሰማውም። «አልቃለች እህቴ። እንደ እንቁላል ናት።»

ያኔ ባለማሽኑ ከጓሮ መጣ። ኮፈኑን በአንድ ጣቱ ነካ አድርጎ ፊቱ ተለዋወጠ። «እህቴ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ ቢታገሱኝ። ማሽኑን ላሳርፍባት።»

«የኔ እጅ ያለፈበት ማሽን አያስፈልገውም!» ስንጥር በመሃላቸው ገባ። ድምፁ ከፍ ስላለ አጣቢዎቹ ሁሉ ዞሩ።

«ጋሼ፣ እባክዎ፣ አንድ አፍታ…»

«አልኩህ እኮ!»

አዋላጇ የሁለቱንም ፊት አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ መኪናዋን አስነስታ ወጣች። ባለማሽኑ በሩ ላይ ቆሞ መኪናዋ እስክትሰወር አያት። ስንጥር ይህን ሁሉ በጎን እያየ በልቡ «አመለጠችህ አይደል?» አለ። ቢያንስ አንዲት መኪና የሱን ሥራ ብቻ ይዛ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ማሽኑ መደርደሪያው ላይ ነው። ገልብጦ ስፖንጁን አየ። ነጭ የነበረው ስፖንጅ ከመሃል እስከ ዳር ሰማያዊ ሆኗል! ስንጥር ብቻውን ሳቀ። እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማው ቆይቷል፤ ክፉ ደስታ ነው፣ ግን ደስታ ነው። ስፖንጁን ነቅሎ ባለቤቷን በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«በዓይኔ የማየውን አምጣ አላልሽም? ይኸው» አላት ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ። የዱቄቱን፣ የጣሳውን፣ የጃንጥላውን ነገር ሁሉ ዘረገፈላት። «ሰሙን ካልነካ ይሄ ከየት መጣ? ከሰማይ?»

ባለማሽኑ ሲመጣ ሁለቱም ግቢው መሃል ቆመው ነበር። ባለቤቷ ስፖንጁን አሳየችው። «ይሄ ምንድን ነው?»

ሰውዬው ስፖንጁን አየ፣ ከዚያ ስንጥርን አየ። እንደ ሌባ አልነበረም አስተያየቱ። ያዘነ ይመስላል። ስንጥር ያንን ዓይን ያወቀው ኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ትወና ነው ብሎ አለፈው።

«ተናገር እንጂ! ሰሙን ወስደሃል ወይስ አልወሰድህም?»

«አልወሰድኩም እትዬ።»

«ታዲያ ይሄ?»

ባለማሽኑ አንገቱን ደፍቶ በጫማው ጫፍ መሬቱን ይገፋል።  ዝምታው ሲረዝም ፊቷ ጠነከረ። «ዝም ካልህ ሌላ ምን ልበል? ዕቃህን ሰብስብ።»

ባለማሽኑ አልተከራከረም። ማሽኑን ከመደርደሪያው አውርዶ ገመዱን በወጉ ጠቀለለ፣ ቱታውን ከሚስማሩ ላይ አነሳ። ስንጥር እጁን አጣምሮ ቆሟል። ከጠበቀው ይልቅ ነገሩ ቀላል ሆነ፤ ቀላል መሆኑ ራሱ ትንሽ አጠራጠረው።

በሩ ላይ ክላክስ የጮኸው ያኔ ነው። የአዋላጇ ነጭ መኪና ገብታ በጠዋቱ ፀሐይ መሃል ቆመች፣ የሁሉም ዓይን እዚያ ላይ ሄደ። ኮፈኑ ላይ ሰማያዊ ደመና አለ። ፓራፋንጎው ላይ የስፖንጁ ዙር ጉልህ ሆኖ ይታያል፣ ክቡ በክብ ላይ። በእጀታዎቹ ሥር ሰሙ ተጠራቅሞ ደርቋል። ሕፃን ልጅ በቀለም የተጫወተባት ይመስላል።

አዋላጇ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛች ፊቷ ያስታውቃል። «ጋሼ፣ ምን ሆኑብኝ? ሆስፒታሉ በር ላይ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ እኮ።»

ስንጥር አፉን ከፈተ፣ ግን ከሱ በፊት ሌላ ድምፅ መጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው እህቴ» አለ ባለማሽኑ፣ ቱታውን ክንዱ ላይ እንደያዘ። «ማሽኔ ነው ያበላሻት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁኑኑ አስተካክላታለሁ።»

«አንተ?» አዋላጇ ግራ ገባት። «አንተ መቼ ነካሃት? አንተማ ልንካት ብለህ ለመንህ፣ ጋሼ አይደሉ የከለከሉህ?»

 ውሃ የሚረጨው ልጅ ቧንቧውን ዘጋ።

ስንጥር ወደ መኪናዋ ሄደ። ከኪሱ ፌስታሉን አወጣና አጠለቀ፤ መዳፉን ሰማያዊው ደመና መሃል አሳረፈ። ዓይኑ ሰሙን ያየዋል፤ ወፍራም ነው፣ ተጋግሯል፣ ዳር ዳሩ ላይ ከንፈር አውጥቷል። እጁ ግን ምንም የለም ይለዋል። ልስልስ ነው፣ እንደ እንቁላል ነው ይለዋል። ፌስታሉን አውልቆ ጣለና በባዶ እጁ ሞከረ። ምንም። የኮፈኑን ሙቀት ፈለገ፤ ሞተሩ ገና መጥፋቱ ነበርና መሞቅ ነበረበት። እሱም የለም። ጣቶቹ የሌላ ሰው ጣቶች ሆነዋል።

ስንጥር ሰዓቱን ጠርጥሯል፣ ሻዩን ጠርጥሯል፣ ባለሱቁን፣ ሚስቱን፣ አቅራቢውን ጠርጥሯል። ዕድሜውን ሙሉ ያልጠረጠረው አንድ ነገር እጁን ብቻ ነበር። ሰሙን ማንም አልሰረቀውም። እሱ ራሱ ነው፤ አልተሰማኝም እያለ ሲደርብ፣ ሲደራርብ የጨረሰው። አሁን ሁሉም ነገር እንደገና ገጠመለት፤ በዚህኛው ግን ልቡ አልረጋም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ፣ ዞር ሳይል። ማንን እንደጠየቀ ሁሉም ያውቃል።

ባለማሽኑ ተጠጋ። «ገና እንደመጣሁ ሰሞን አንድ መኪና ላይ አየሁት። ሰሙ ሳይነሳ ቀርቷል። ሳላበላሽ በማሽን አነሳሁት። ከዚያ በኋላ… ማታ ማታ እያየሁ የቀረውን አነሳለሁ። ባለመኪናዎቹ ጠዋት ከመምጣታቸው በፊት።»

«ታዲያ ሰው አይናገርም? ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎ ያምኑኝ ነበር ጋሼ?»

በስድብ ቢለው ይሻል ነበር። ሰውዬው ግን የጠየቀው በትክክል ለማወቅ የፈለገ ይመስል በለሆሳስ ነበር። ስንጥር መልሱን ያውቀዋል። ቢነግረው ኖሮ «እጄን ሊያሳጣኝ ነው፣ ቦታዬን ሊወስድ ነው» ይል ነበር። ምናልባትም ያኑ ቀን ለባለቤቷ ሄዶ ይከስሰው ነበር። አፈረ። ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ፤ ጆሮው ቢያንስ ይሰማዋል።

ወደ ባለቤቷ ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ ሰሙን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ሰማያዊውንም የጨመርኩት እኔ ነኝ። የምጠይቀው አንተን ነው ብለሽኛል፣ እኔ ልውጣ።»

ባለቤቷ በእጇ የያዘችውን ስፖንጅ ታገላብጣለች። በልጅነቷ ከአረፋው መሃል አንስቶ ዓይኗን ያጠበላት ይህ ሰው ነው፣ ምናልባት እሱን እያሰበች ይሆናል።

«እሳቸው ከወጡ ጠርዙን ማን ይሠራል?» አለ ባለማሽኑ።

«የምን ጠርዝ?»

«የበሩን ጠርዝ፣ የመብራቱን ዙሪያ፣ የኮፈኑን አፍ። ማሽን ጠርዝ ላይ ከቆየ ቀለሙን ያቃጥላል። አንድ ሁለቴ አቃጥዬ እሳቸው ናቸው በእጃቸው የሸፈኑልኝ፣ እየተሳደቡም ቢሆን። አዙሪታቸው ደግሞ ልክ ነው እትዬ። መብዛቱ ብቻ ነው የማይታወቃቸው።»

አዋላጇ መኪናዋን ተደግፋ ማዛጋት ጀምራ ነበር። የስንጥርን እጅ ያዘችና መርፌ ቁልፍ ከደረቷ አውጥታ ጣቱን በጫፉ ነካ ነካ አደረገችው። «ይሰማዎታል?» አይሰማውም። «ይሄ ሐኪም ሊያየው ይገባል ጋሼ። ዛሬ ነገ አይበሉ።»

«ሐኪም ቤት ጤነኛ ሆኖ ገብቶ ታማሚ ሆኖ የማይወጣ…» ብሎ ጀመረ ስንጥር፣ ከልማድ። አልጨረሰውም።

ባለቤቷ ስፖንጁን ለባለማሽኑ ወረወረችለት። «ማሽኑን መልስ» አለች። «አንተም ጋሼ፣ ያንን ጠርሙስ ድፋውና አዲስ ክፈት። ዳግመኛ ሰሜ ውስጥ የልብስ ዱቄት ባገኝ ግን፣ በአባቴ እምላለሁ፣ አንተኑ ነው በአንሶላ ጠቅልዬ ለሚስትህ የምልክህ።»

ያን ዕለት ሰሙን ከአዋላጇ መኪና ላይ ሁለቱ አብረው አነሱት። አዋላጇ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝታ ነበር፤ ማሽኑ ሲጮኽ እንኳ አልነቃችም። ስንጥር ማታ ለሚስቱ ሲነግራት እየሳቀች ትቀበለኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ሁለቱንም እጆቹን ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። «ሻዩ ያን ቀን ትኩስ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አዎ» አለ፣ «ትኩስ ነበር።» ከትዳራቸው ወዲህ ተሸንፎ ሲያምን መጀመሪያ የሰማችው ያኔ ነው።

ሐኪሙ ነርቭ ነው አለ። በፈሳሽ ኬሚካል መሃል የኖረ እጅ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ እንዳይብስ ያደርገዋል እንጂ የሄደውን መልሶ አያመጣውም። ጓንት እንዲያደርግም አዘዘው። ስንጥር ጓንቱን አገላብጦ መረመረው፣ ስፌቱን ሳበው፣ አሸተተው። ቢሆንም አደረገው።

አሁን ከጥላው ሥር ሁለት ሰው ነው የሚሠራው። ባለማሽኑ ጭረቱን ያጠፋል። ስንጥር ሰሙን በልክ ቀድቶ ይቀባል፤ ልኩን የሚያውቀው በጣቱ ሳይሆን ስፖንጁ ላይ የሚያርፈውን ጠብታ በማየት ነው፤ ያንን ይሸነገላል የሚለውን ዓይኑን ማመን ግድ ሆኖበታል። በጨርቅ ካነሳው በኋላ ባለማሽኑ ፌስታል ያጠልቅና ይዳብሳል። የባለማሽኑ ሚስት ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ያዋለደቻት ያቺው ባለ ነጭ መኪና ናት። ስንጥር ሊጠይቅ ሄዶ ሕፃኗን ሲሰጡት እንዳልጥላት ብሎ በክንዱ እንጂ በእጁ አልያዛትም።

በቀደም አንድ ጥቁር መኪና ጨርሰው ባለቤቱ በር ላይ ይጠብቃል። ጥቁር ቀለም ምሕረት የለውም፣ ጣት እንኳ ያሳብቃል። ባለማሽኑ ኮፈኑን ዳበሰ፣ በሮቹን ዳበሰ።

«ይሄስ?» አለው ስንጥር፣ ፓራፋንጎውን በአገጩ እያሳየ።

ባለማሽኑ ጎንበስ ብሎ ከላይ እስከ ታች አሳለፈው። «ንጹህ ነው ጋሼ።»

የስንጥር እጅ ከልማድ ተዘረጋ፣ ራሱ ሊያረጋግጥ። አፉም «ጠርጥር…» ሊል ተከፍቶ ነበር። ቀለሙ ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው እጁ ቆመ። መልሶ ኪሱ ከተተው።

«አንተ ካልህ እሺ» አለና የሰሙን ጠርሙስ ከድኖ ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ።